የፎርሙ ጀርባ

«ስምዑ እንዶ! ስሙኝ እስቲ!» ይላሉ መምህር ሃይላይ፣ በእጃቸው ያለውን ደብዳቤ ከፍ አድርገው። የነሐሴ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠዋል። «ዛሬ ጠዋት የደረሰን ነው። መንታ የሆናችሁ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ መመደብ ከፈለጋችሁ ፎርሙ ጀርባ ላይ ‹መንታ› ብላችሁ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ኋላ ተለያየን ብሎ ቢሮዬ መጥቶ የሚያለቅስብኝ እንዳይኖር!»

ክፍሉ ይስቃል። ማሂ አትስቅም። እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ እኔ ትዞራለች።

«ምን አሉ?»

ማሂ መንታ እህቴ ናት። በሁለት ዓመታችን ትኩሳት ይዞን ነበር፤ እኔን ለቀቀኝ፣ የእሷን የግራ ጆሮ ይዞ ሄደ። ቀኙም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አይረዳትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በቀኟ እየተቀመጥኩ አስተማሪ የሚለውን እደግምላታለሁ። እሱን ስደግም ቀጣዩ ያመልጠኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን፣ የማላውቀው ከተማ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ለራሴ ብቻ መስማት እፈልጋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ዛሬ በባጃጅ ስንመጣ፣ «አንቺ የሞላሽውን ነው የምገለብጠው» አለችኝ። «ሐዋሳን አንደኛ አድርጊው፣ ሐይቅ አለው። ዶርም ውስጥ ግን የላይኛው አልጋ የኔ ነው፤ ከአሁኑ ልንገርሽ።» ባለባጃጁ ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በልቤ ግን፣ ምናልባት ዕድል ይለየናል እያልኩ ነበር። ዕድል ከለየን ጥፋቱ የማንም አይሆንም።

አሁን ጥፋቱ ባለቤት ሊያገኝ ነው።

ከፊታችን የተቀመጠው ዘርኡ ዞሮ ያየኛል። ተማሪው ከየክፍሉ ተቀላቅሎ ነው የተቀመጠው፤ መምህር ሃይላይም አስተምረውን አያውቁም፤ መልካችንም አይመሳሰልም። ዘርኡ ግን የሰፈራችን ልጅ ነው። ሁለት ጣቶቹን አጣብቆ ያሳየኛል፤ እጅሽን አውጪ እንጂ እንደማለት።

«ትህትና፣ ምን አሉ?» ትላለች ማሂ እንደገና። አፌን ለማየት ፊቷን ታቀርባለች።

«ስም እስከ አያት ጻፉ ነው የሚሉት።»

«ጽፌያለሁ እኮ!» ፎርሟን ታሳየኛለች። ማሂ ፍሰሃ ኣባዲ። ከእኔው የሚለየው የመጀመሪያው ስም ብቻ ነው። የትውልድ ቀኑ ያው ነው። ምርጫዎቹም ያው ናቸው፦ ሐዋሳ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ እኔ በደረደርኩበት ተራ፣ ከእኔ በተሻለ የእጅ ጽሑፍ።

እንደገና ታቀረቅራለች። ዘርኡ ጣቶቹን አላወረደም።

«ምነው?» ይለኛል።

«ተነጋግረንበታል» እለዋለሁ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል።

«ኧረ? እናንተ? እናንተ እኮ ጉንፋን እንኳን አብራችሁ ነው የሚይዛችሁ!» ትንሽ ይጠብቀኛል። ሳልስቅ ስቀር ትከሻውን ነቅንቆ ይዞራል።

«የጨረሰ ያምጣ!» ይላሉ መምህር ሃይላይ።

ማሂ ቀድማ ትነሳለች። መምህሩ ፎርሟን ተቀብለው ፊቱን ያያሉ፤ ገልብጠው ጀርባውንም ያያሉ። «ጀርባው ባዶ ነው። መንታ የለሽም ማለት ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ?» ይላሉ፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ።

ማሂ አልሰማቻቸውም። ላልሰማችው ሰው ሁሉ እንደምታደርገው ፈገግ ብላ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ወረቀቷን ክምሩ ላይ ያስቀምጡታል።

ተራው የእኔ ነው። ሦስት እርምጃ ነው የቀረኝ። አንድ ቃል፣ ሁለት ፊርማ፤ እስክሪብቶው እጄ ውስጥ አለ።

«አንተ ቅደም» እለዋለሁ ዘርኡን።

የእሱ ወረቀት በእሷ ላይ ያርፋል። የእኔ በእሱ ላይ።

ስንወጣ ዝናቡ ሊያባራ ነው። ወደ ውቅሮ የሚወጣ የጭነት መኪና ጭቃውን እየረጨ ያልፋል፤ ማሂ ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ትጎትተኛለች፣ ልብሴ እንዳይበላሽ። ከዚያ በኋላዬ ዞራ በግራዬ በኩል ትመጣለች፤ በዚህ በኩል ስትሆን ነው ቀኝ ጆሮዋ እኔን የሚያገኘኝ።

«እሺ፣ ተረጋግተሽ ንገሪኝ አሁን» ትላለች። «እዚያ ውስጥ ሁሉም ሲስቅ፣ ምን ብለው ነው?»

ሻርፗን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ትጠብቀኛለች።