መብራት አብሩልን

በኮሮና ጊዜ ከቤት መውጣት ሲከለከል፣ ሱሀይላ ጆሃንስበርግ ባለው ቤታቸው ሆና ለታሪክ ትምህርቷ በጦርነት ጊዜ የተቀረጸ አንድ የድሮ ድምፅ በየቀኑ እየከፈተች፣ የሰማችውን ትጽፍ ነበር። በጉም የተዋጠ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከአየር ማረፊያው ጋር ያደረገው የመጨረሻ የሬዲዮ ንግግር ነው። ከሰባቱ በራሪዎች አንድም አልተመለሰም።

"ማረፊያው አይታየንም፤ መብራት አብሩልን" ይላል አብራሪው። ከታች ያለው ሰው ሁሌም "አብርተናል" ይለዋል።

ድምፁን በከፈተችበት በአራተኛው ቀን ግን የመላሹ ድምፅ ከቅጂው ጠፋ። አብራሪው ሦስት ጊዜ ተጣራ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሱሀይላ፣ አንቺ በየቀኑ ትሰሚናለሽ። እባክሽ አብሪልን" አለ።

ሱሀይላ ቀና ብላ የክፍሏን መብራት አየች። ምን ታብራ? በምንስ ትመልስለት?

ጀፕ በሚባለው የከተማው የሐበሾች ገበያ ያለው ሱቋ የተዘጋባት እናቷ ከማድቤት ብቅ አለች።

"ልጄ፣ ሰውየው ስምሽን እየጠራ ሲለምንሽ ምነው ዝም አልሽው?"