ከመስመሩ በታች

«ምነው ኡርጂ፣ ወንድምሽን ከሟቾች መሀል?» አለች የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ብዙወርቅ፣ ገና የወጣውን የመታሰቢያ መጽሔት ይዛ።

ኡርጂ የስም መመሳሰል መሰላት። «ሌላ ዮሚፍ ይሆናል፣ እትዬ።» ገጹን ስታየው ግን ፎቶው የእሱ ነበር።

መጽሔቱን የሚያቀናጀው ኡርጂ የጻፈችው ሜክፋይል፣ ኮምፒዩተሩ ገጾቹን እንዲሠራ የሚያዝ ፋይል ነው። የሚያስፈልጉት ገጾች የሚዘረዘሩበት መስመር ላይ «ሟቾች» የሚል፣ የስም ዝርዝር የሚይዝ ተለዋዋጭ አለ። ኮምፒዩተሩ መስመሩን ሲያነብ እስከዚያ ድረስ ያገኛቸውን ስሞች እዚያው ይተካበታል፤ ከመስመሩ በታች የሚጨመረውን አይቆጥርም። ስለዚህ ኡርጂ ተራ የሚጠብቅ ሥራ ሲኖራት፣ እንዳትረሳው የባለጉዳዩን ስም ከመስመሩ በታች እዚያው ዝርዝር ላይ መጨመር ልማዷ ነው። ዮሚፍም ጠዋት ጉርድ ፎቶ እንድታትምለት ጠይቋት ስለነበር የእሱንም ስም እዚያ ጽፋለች።

«ከታች እኮ ነው የጻፍኩት!» አለች። ስሙን አጥፍታ ፋይሉን ደግማ አሠራችው። ገጹ እንደገና ወጣ፤ አሁን የሞተበት ቀን ተብሎ የዛሬው ቀን ተጽፎበታል።

ደወለችለት። ባምባሲ መናኸሪያ፣ ወደ አሶሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል።

«ውረድ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሊሞላ እኮ ነው።»

«ውረድ አልኩህ፣ ዮሚፍ!»

እያጉረመረመ ወረደ። በሩ ሲዘጋ፣ ሞተሩም እየራቀ ሲሄድ በስልኩ ሰማች። እፎይ ብላ ለሦስተኛ ጊዜ አሠራችው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ መጣ፦ የዮሚፍ ገጽ ቀድሞ ተሠርቷል፤ የሚለወጥ ነገር የለም።

«አንዴ ጠብቂኝ፣» አለ ዮሚፍ፣ «አስፋልቱን ልሻገር።»

የፍሬን ጩኸት ተሰማ፤ ስልኩ ግን አልተዘጋም። ኡርጂ ስሙን ደጋግማ ጠራች፤ የመለሰላት የማታውቀው ሰው ነበር።