የቡፌው መነጽር

«ቀስ! መስታወቱን በጣትሽ እንዳትነኪው!» አለች እናትየው፣ ቡፌውን በቁልፍ ከፍታ መነጽሩን እንደ እንቁላል እያወጣች። ቦታው ተጠጥቶባቸው ከማያውቁ ብርጭቆዎች መሃል ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች፤ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ መቆም ለምዳለች።

የዛሬዋ እንግዳ የእናትየው ታናሽ እህት ናት፤ የዓይን ክሊኒክ ነርስ። መነጽሩን ያሠራችላቸውም እሷው ነች። መሃሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዙሪያውን በመርፌ ጫፍ የተነቀሱ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ከበውታል። የልጅቱ ዓይን ሩቁን ማየት እየተሳነው መሄዱን የሚያዘገዩት እነሱ ናቸው። ግን ስትነቃ አጥልቃው እስክትተኛ ካልዋለችበት ከንቱ ነው።

እናትየው መነጽሩን ስታጠልቅላት ነርሷ የልጅቱን አፍንጫ አየች። መነጽር ያረፈበት ምልክት የለም።

«መቼ መቼ ነው የምታደርገው?»

«ሰው ሲመጣ ነዋ! ወጣ ስንልም።»

«ትምህርት ቤትስ?»

«ለእነዚያ ዱርዬዎች? በአንድ ቀን ነው የሚያደቁት! ፊት ወንበር አስቀምጠውልኛል።»

«ጠዋት ክሊኒክ ዓይኗን ስለካው ብሶባት አገኘሁት። እኔ ጅሏ ሌንሱን የሠሩትን ስረግም ዋልኩ።»

«እቴ፣ ልጄን አታሟርቺባት! አንቺ ከድሮም ዕቃ መያዝ አታውቂም።»

ዕቃ! ነርሷ ዙሪያዋን ቃኘች። ሶፋው ላስቲኩን እንደለበሰ አርጅቷል። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሏል። እህቷ ዕድሜ ልኳን ይህን ሁሉ ያስቀመጠችለት ያ ታላቅ እንግዳ ማን ይሆን? አሁን ደግሞ የልጇን ዓይን ቆልፋ አስቀመጠችለት።

ሳቋ መጣ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። መነጽሩን ከልጅቱ ፊት ላይ አነሳችና ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንጉን ግድግዳው ላይ ጎተተችው። ጭርርር አለ።

«ኧረ ምን ነካሽ! አብደሻል?»

«በቃ፣ አሁን አሮጌ ሆነ» አለች ነርሷ፣ ለልጅቱ መልሳ እያጠለቀችላት። «ለሰው ፊት አይሆንም። ሂጂ የኔ እናት፣ ተጫወቺበት።»

ልጅቱ እናቷን አየች፤ አክስቷን አየች። ከዚያ በሩን በርግዳ ወጣች። ሩጫዋ ከደጅ ተሰማ።

እናትየው ዞራም አላየቻት። ጣቷን በምራቋ እያራሰች ግድግዳው ላይ የቀረውን ጭረት ታሻለች።