ሞሌፊ ያስገጠመው የኋላ መብራት

ሞሌፊ ፒክአፑን ዲቲሮ ጋራዥ በር ላይ አቆመና ሳይወርድ ክላክሱን ተጫነ። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ሰሞኑን ከቤቱ ሳይቆጣ የወጣበት ቀን የለም።

«ከኋላ ሁለት መብራት ግጠምልኝ» አለ። «ትልልቅ። ጨለማውን ቀን የሚያደርጉ።»

ዲቲሮን ሴሮዌ ከተማ ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንደሱ የሚችል የለም፤ ምላሱን ግን የሚችለው የለም። ጎንበስ ብሎ የፓራውልቱን ሥር አየ።

«ቀላል ነው። ከኋላ ማርሹ ላይ ሽቦ እስባለሁ። ማርሹን ስታስገባ አብሮ ይበራል።»

«ማርሹን ተወው። ከባትሪው በቀጥታ ሳብና ማብሪያውን ክሩስኮቱ ሥር ደብቅልኝ። ሞተሩ ጠፍቶም መብራት አለበት።»

«ሞተር አጥፍቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

ዲቲሮ ሳቀና ከመኪናው ሥር ገባ። ሞሌፊ አልሳቀም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ላም ጠፍቶበታል፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ። ሌባው ደግሞ እንደ ሌባ አይደለም። በረት አይሰብርም፤ የበሩን ገመድ ፈትቶ ይገባና ሲወጣ መልሶ ያስረዋል። ጥጃ አይነካም፤ ገበያ እንደወጣ ሰው ጥሩ ጥሩዋን መርጦ ይሄዳል። ከሁሉም ያንገበገበው የውሾቹ ነገር ነው። አንዳቸውም አልጮኹም። ውሾቹ የሚያውቁት ሰው ነው ማለት ነው።

ያ ሰው ማን እንደሆነ ሞሌፊ ለአፍታም አልተጠራጠረም። ኬኖሲ ነው፣ የሚስቱ ወንድም። ሌላ ማን ይሆናል?

ስሙን ሲያነሱት ከተፍ የሚል ሰው ነው፤ ኬኖሲ የተጠበሰ ሊጥ እየገመጠ መንገዱን ተሻገረ።

«አማቼ! መኪናህን እያስዋብካት ነው? ለሰርጉ መሆኑ ነው?»

«ከመኪናዬ ራቅ!»

«ምነው፣ አልበላት! ቅዳሜ ዋሜን ልንድር ነው። የልጅቷን ጥሎሽ የምቀበለው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ አይደል? የእህቴን ስምንት ላም ሳትጥል ሃያ ሁለት ዓመት አስቀመጥካት። ልጅህ በወጉ የእኛ ናት። አንተ ከተጋባዦቹ ጋር ጥግ ይዘህ ሥጋህን ትበላለህ።»

ሞሌፊን ያቃጠለው የሰውየው ምላስ ብቻ አይደለም፤ እውነቱ ነው። በዚያ አገር የእናትየዋን ጥሎሽ ያልጣለ ሰው በልጁ ሰርግ ላይ አባት አይባልም። ከሽማግሌዎቹ መሃል የሚቀመጠው አጎትየው ነው። ሞሌፊ ለሚወተውቱት ለአባቱ ወንድም «ዘንድሮ እጥላለሁ» ሲል ድርቅ መጣ፤ «ለከርሞ» ሲል የዋሜ ትምህርት መጣ፤ ሚስቱም መጠየቅ ከተወች ቆየች። አሁን ሊጥል ቆርጦ በተነሳበት ዓመት ላሞቹ መጥፋት ጀመሩ። ይኼ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው? ኬኖሲ ጥሎሹ እንዳይሞላ፣ የአባት ወንበሩም እንዳያመልጠው እያደረገ ነው!

«መጀመሪያ የሰረቅካቸውን ላሞቼን መልስ!» ብሎ አንባረቀበት።

ኬኖሲ ፊቱ ተለዋወጠ። «በረቴን ሁለቴ ፈትሸሃል። ያንተን ምልክት ያላት አንዲት ላም አገኘህ? ሦስተኛ ብትመጣ እግርህን ነው የምሰብረው።»

«ሸጠሃቸው ይሆናላ!»

«ሰው አይደለህም» አለና ኬኖሲ ሊጡን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ።

ዲቲሮ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ፊውዙን አስገባ፤ የመጨረሻውን ሽቦ በናስትሮ ጠቀለለ። ማብሪያውን ሊገጥም ጋቢና ውስጥ ሲገባ ከወንበሩ ኋላ ጠመንጃ አየ።

«ጋሼ፣ ሰው ልትገድል ነው እንዴ?»

«ፊቱን ላየው ነው። ካየሁት በኋላ ያለው የእኔ ጉዳይ ነው።»

ዲቲሮ ማብሪያውን ተጫነ፤ የጋራዡ ግድግዳ ቦግ አለ።

ሞሌፊ እቤቱ ሲደርስ ሚስቱ፣ የዋሜ እናት፣ ለሰርጉ ማሽላ እያበጠረች ነበር።

«ፓላፕዬ ከተማ ሄጄ ማደሬ ነው» አላት። ለማንም እውነቱን አልተናገረም፤ እሷ የኬኖሲ እህት አይደለች?

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ነገ እስከ ቀትር።»

«እሺ» አለችና ስንቅ ቋጠረችለት። ኮቱንም አምጥታ ሰጠችው፤ ንጋት ላይ ብርድ አለ አለችው። ሞሌፊ ኮቱን ለበሰ። በዚህች ሴት ላይ ነው ወንድሟ እንዲህ የሚሠራው!

አካባቢው ጭር ሲል ዞሮ ተመለሰ። መኪናውን ከበረቱ ራቅ ብሎ ከግራር ቁጥቋጦ ኋላ ደበቀ፤ የመኪናው ጀርባ ወደ በረቱ በር ነበር። ሞተሩን አጠፋ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

ሊነጋጋ ሲል የበረቱ እንጨት ተንቋቋ። ውሾቹ አልጮኹም። ገመድ ሲፈታ፣ ከብት ሲንቀሳቀስ፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ላም ሲያባብል ሰማ። ኬኖሲ ጥግ ይዘህ ሥጋህን ትበላለህ ሲለው ታየው።

ከመኪናው ወርዶ ጠመንጃውን ደገነ፤ በግራ እጁ በበሩ በኩል ተንጠራርቶ ማብሪያውን ተጫነ። በረቱ ቀን ሆነ።

«አውርደው፣ የዋሜ አባት» አለችው ሚስቱ በሁለት ላሞች መሃል ቆማ፤ «ስድስቱን ዘንድሮም ለከርሞ እንዳትል እኔው ወስጄ ያባትህ ወንድም በረት አስቀምጫቸዋለሁ፣ በእነዚህ ሁለቱ ስምንት ሞላልህ፤ በል ፀሐይ ሳትወጣ ነድተህ ጥሎሼን ወንድሜ ደጅ አድርስ።»