ማውረጃ

ሐሙስ ከሥራ መልስ አባቴ፣ አክስቴና እኔ በአባቴ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነበርን። የስፌት መኪናውን ነቅለን ኪቦርዱን በእሱ ሶኬት ሰክተን፣ ጨርቅ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ አጋድመነዋል።

"እንደገና፣ ከመጀመሪያው" አለ አባቴ። ተቀምጦ ነበር። ድሮ ተቀምጦ ሲዘፍን አይቼው አላውቅም።

ሪትሙን አስነሣሁ። በግራ እጄ ኮርዱን ስይዝ ከበሮውና ባሱ በራሳቸው ይከተላሉ፤ በቀኜ ዜማውን እመታለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲፈታ የዋለ እጅ ግን እሺ አይልም። ጣቶቼ አብጠው አንዱን ነጭ ቁልፍ ስፈልግ ጎረቤቱንም አብረው ይነካሉ።

አባቴ ጀመረ። አክስቴ ከጨርቅ ጥቅሎቹ አጠገብ ቆማ ተቀበለችው። ዘፈኑ የራሱ ነው፤ በሰው ሠርግ ላይ ሲዘፍነው ኖሯል። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ የሙሽራዋ ስም ይጠራል። ቅዳሜ የሚጠራው የእህቴ ስም ነው። እዚያ ሲደርስ ድምፁ እንደ ነተበ ጨርቅ ተተረተረ።

ከበሮው ብቻውን ሲጨፍር ቆየ። ማቆሚያውን ተጫንኩ።

"ጉንፋን ነው፣ ጋሼ" አለች አክስቴ።

"ኪቦርድ መቺያችን ቀጭኑ ከሄደ ጀምሮ ያልለቀቀኝ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው?" አባቴ ዓይኑን በመዳፉ አሸ። "ለአዳራሹ ሰዎች ደውዪላቸው። በፍላሽ ያጫውቱላት።"

"የገዛ ልጅህን ሠርግ በፍላሽ?"

"ስሟ ላይ ተሰንጥቄ ከምዋረድ ይሻላል።"

አክስቴ ነገር ሲከብድ ማቅለል ትወዳለች። መጥታ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አለች። በላዩ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ስለማይገባኝ በየቁልፉ ሥር ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ ማስጀመሪያ፣ ማቆሚያ፣ ማድመቂያ።

"ይሄኛው ደግሞ ምን ይላል? ማ...ዋረጃ?"

"ማውረጃ ነው" አልኩ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሰው ፊደል ሲሳሳት ግን አያስችለኝም። "'ው' ነው እንጂ 'ዋ' አይደለም።"

"ወይ ጉድ፣ ለአንዲት ፊደል!" ሳቀች። "ለመሆኑ ምኑን ነው የሚያወርደው?"

"ዜማውን። አመታቴ ሳይቀየር ድምፁን እንዳለ ወደ ታች ያወርደዋል። እኔ አልተጠቀምኩበትም።"

አባቴ አልሳቀም። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን የልክ ሜትር ጫፍ በጣቱ ሲጠቀልልና ሲፈታ ቆየ።

"ቀጭኑ" አለ በመጨረሻ። ቀጭኑ ዕድሜውን በሙሉ ለአባቴ ኪቦርድ ሲመታ የኖረ ሰው ነው፤ አግብቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ኪቦርዱን ለእኔ ትቶልኛል። "ከመጀመራችን በፊት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚያደርጋት ነገር ነበረችው። አንተ እሷን አታደርግም።"

"አመሉ ነዋ" አለች አክስቴ። "አንዳንዱ ይስላል፣ አንዳንዱ አፍንጫውን ይነካካል።"

"ይሆናል" አለ አባቴ፤ መሬት መሬት እያየ።

እኔ ግን እጄ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ቀጭኑ ኪቦርዱን እንደበራ ሲያስረክበኝ፣ በራሱ በኪቦርዱ ትንሽ መስኮት ላይ የሦስት ቁጥር ነበር፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት። ትምህርት ቤት እስከ ቆየሁበት ድረስ የተማርኩት፣ ከዜሮ በታች ያለ ሁሉ ጉድለት መሆኑን ነው። የተበላሸ መሰለኝና ዜሮ አድርጌ አስተካከልኩት። ለካ ቀጭኑ በማውረጃው ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርጎት ኖሯል። ደውዬ እንዳልጠይቀው አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አባቴን ቀጭኑ ድሮ ትቶት ወደነበረው ከፍታ እያወጣሁ፣ እዚያው ላይ ስጥለው ሰንብቻለሁ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ግን "አወረድኩልህ" ነበር፤ ከአፌ እንዴት እንደሚወጣ አላወቅኩም።

ቁልፉን ተጫንኩ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወንበሩን በእግሩ ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ።

ጣቶቼ የለመዱትን ቦታ መቱ፤ የወጣው ድምፅ ግን ወፍራምና ዝግ ያለ ነበር። አባቴ ገባ። ወደ እህቴ ስም ሲቃረብ ኮርዱን ሳትኩ። እሱ አልሳተም። ስሟን ጠራ። ጫፉ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተሰነጠቀም። አክስቴ መቀበሉን ረስታ ቆማ ቀረች።

ሲጨርስ ቁራጭ ጨርቅ አንሥቶ ፊቱን ጠረገ።

"ለቅዳሜ አንድ ጨምርበት" አለ፣ እኔን ሳያይ።

"ምን ልጨምር፣ አባዬ?"

"ጠቅ ነዋ። አዳራሽ ውስጥ ቶሎ ይደክመኛል።"

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ታውቅ ነበር እንዴ፣ ጋሼ?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ" አለ አባቴ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እየጠቀለለ። "የጠበበኝን ልብስ ሰው በጓዳ ሲያሰፋልኝ አይታወቀኝም? እሱ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በቃ፣ እንዲሁ ኖርን።"

መብራቱን ለማጥፋት ወደ ግድግዳው ሄደ። እኔ ኪቦርዱን ከመሸፈኔ በፊት ማውረጃ የሚለውን ወረቀት በጥፍሬ ላጥኩት።

ቅዳሜ አራት ጊዜ ተጫንኩ። አባቴ ቆሞ ዘፈነ።