ሰባት ቤት በእናት በኩል

ሙሽራ ሊሆን የተነሳው ሰው የአሳማ እርባታ ባለሙያ ነበር። ሥራው ብዙ የሚወልዱትን እናቶች እየመረጠ ማዳቀል ነው። ለአሳማዎቹ የባልቴት ስም ያወጣላቸዋል፤ ዘራቸውንም በቃሉ ያውቀዋል። ለእጮኛው ቤተሰብ ግን “በግ ነው የማረባው” ብሏቸዋል።

ሽማግሌ በላከ ማግስት “ልጁ ራሱ መጥቶ ዘሩን ይቁጠርልን” ተባለ። በአባቱ በኩል እንደምንም ሰባት ቤት ቆጠረ።

“በእናትህስ?” አሉ የልጅቷ አባት።

ከእናቱ ወዲያ አንድም ስም አልመጣልህ አለው። አፉ ግን ለምዶበት የአሳማዎቹን ዘር ይቆጥር ጀመር።

“እናቴ የጥሩነሽ ልጅ፣ ጥሩነሽ የስንዱ፣ ስንዱ የይመኙሻል፣ ይመኙሻል የድንቄ...”

“ለመሆኑ ወላዶች ናቸው? እኛ ቤት ልጅ እንወዳለን።”

“በጣም እንጂ! ድንቄ ብቻ አሥራ ስድስት ወልዳለች። አንድም አልሞተባትም።” “በአንዴ” የምትለዋን ቃል ዋጣት።

“እሰይ! ዘር ማለት እንዲህ ነው” አሉ ሽማግሌዎቹ። አባትየውም ፈገግ አሉ። እሱም እፎይ አለ።

ይሄኔ ካገኙት ሰው ሁሉ ጋር ዝምድና የሚቆጥሩት የልጅቷ አጎት ብድግ አሉ።

“ድንቄ አልክ? አሥራ ስድስት የወለደችው? የአያቴ እህት እኮ ናት!” ብለው ተጠመጠሙበት።



አባትየው በረጅሙ ተነፈሱና ወደ ጓዳ ተጣሩ።

“ነይ ልጄ፣ ወንድምሽን ሳሚ።”