አንዴ ብቻ የሚነበብ ደብዳቤ

ጽሑፍ አንዴ ከተነበበ መጥፋት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ዐይን ያለፈበት መስመር ወዲያው ባዶ ወረቀት ይሆናል። የጣሳዎች ላይ ጽሑፍም ስለጠፋ በቤቴ ስኳሩን ከጨው የምንለየው ቀምሰን ነው። ለእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና የማዘጋጃቸውን ጎልማሶችም ነጋ ጠባ «ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም» እላቸዋለሁ።

ከነሱ አንዷ ወይዘሮ አፀደማርያም ሦስት ዓመት ሙሉ ሲማሩ ለፈተናው አንድም ቀን አልተመዘገቡም። ትናንት የልምምዱን አሥር ጥያቄ በሙሉ በትክክል ሲመልሱ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃሉ?»

ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በሕፃንነቷ ለውጭ አገር ሰዎች በማደጎ የሰጧት ልጃቸው አፈላልጋ አግኝታቸው ከሦስት ዓመት በፊት የላከችው ደብዳቤ ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም።

«ያኔውኑ ሌላ ሰው ቢያነብልዎት ኖሮስ?»

«እሱ ካየው ለኔ ምን ይተርፈኛል?»

«አሁንማ ችለዋል። ይክፈቱት።»

«ጠዋት ከፍቼው ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «የመጀመሪያዋ ቃል በእንግሊዝኛ ‹እናቴ› ትላለች። ቶሎ ዐይኔን ጨፍኜ አጠፍኩት።»

ወረቀቱን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

«ለዘንድሮ ይበቃኛል» አሉና የሚቀጥለውን ልምምድ እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።